የአካባቢ ጥበቃ የፈረንጅ ነገር ነው ወይ?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የጎንደር ተማሪ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? አዘዞ ነው የምኖረው፤ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። የትምህርት ቤታችን የአካባቢ ጥበቃ ክበብ አባልም ነኝ። አስተማሪያችን የአካባቢ ጥበቃ እንቅስቃሴን ታሪክ አምስት ገጽ ጽፋችሁ አምጡ ብሎናል። ያገኘሁት ጽሑፍ ሁሉ አሜሪካ ይጀምርና አሜሪካ ያልቃል። አንዲት ሴት በ1962 መጽሐፍ ጻፈች፣ በ1970 የምድር ቀን ተከበረ ይላል። አያቴን ስጠይቃት ደግሞ ‹እኛ ደብሩን ስንጠብቅ የኖርን ነን፤ ምን አዲስ ነገር አለው?› አለችኝ። ማን ነው ትክክል? ነገሩ የተጀመረው መቼና የት ነው? ለእኛስ ምናችን ነው?»

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደኅና ነኝ። አያትሽም አልተሳሳቱም፤ ጽሑፎቹም አልተሳሳቱም። የሚያወሩት ግን ስለ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ነው። ችግሩ እኛ ሁለቱንም «አካባቢ ጥበቃ» ብለን አንድ ላይ መጠቅለላችን ነው። ዓመቶቹንም ቀኖቹንም እንደ ጽሑፎችሽ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው። ከዓመቱ ሰባት ወይም ስምንት እየቀነስሽ ወደ እኛ መልሺው።

ከአያትሽ ልጀምር። ታላቅ ይቀድማል።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ ገብተሽ ታውቂያለሽ። የሚመጣው እንግዳ ሁሉ ጣሪያው ላይ ያሉትን መላእክት ለማየት ወደ ላይ ያንጋጥጣል። እኔ ግን ዓይኔ የሚሄደው ግቢው ውስጥ ወዳሉት ያረጁ ዛፎች ነው። ወደ ደቡብ ጎንደር ብትሄጂ ነገሩ ይበልጥ ይገለጥልሻል። ከሰማይ በተነሳ ፎቶ አገሩ ሁሉ የታረሰ ቡናማ መሬት ሆኖ ይታያል። መሐል መሐሉ ላይ ክብ ክብ አረንጓዴ ነጠብጣብ አለ። እያንዳንዱ ነጠብጣብ አንድ ደብር ነው። ዛፉን ያቆየው ዘበኛ አይደለም። ግዝት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ፍቅርም ነው። ካህናቱ ደኑን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ይሉታል። ልብሷን ማን ይገፋል?

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን ብዙ ሰው የሚያውቃቸው በድርሰቶቻቸው ነው። ሙያቸው ግን የደን ሳይንስ ነው። እነዚህን የደብር ደኖች ብዙ ዓመት አጥንተዋል። ሜግ ሎውማን ከምትባል አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ሆነው ከካህናቱና ከምእመናኑ ጋር ተመካከሩ። ከብት ችግኙን እንዳይግጠው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ተካበ። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው ማሳ ነው። ማሳውም ተጠረገ፣ ደኑም ታጠረ። ይህን ሥራ በጣም እወደዋለሁ።

ከዚያም ወደ ኋላ መሄድ ይቻላል። አጼ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ የጽድ ዘር አስመጥተው መናገሻ ላይ አስተከሉ ይባላል። ያን ጊዜ አሜሪካ የሚባል ስም ራሱ አልነበረም።

ስለዚህ ልማዱ የእኛ ነው፤ ጥንታዊም ነው። አያትሽን በዚህ የሚሞግታቸው የለም። ግን አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከቅጥሩ ውጭ ያለው ተራራ ሲራቆት «ማን ቆረጠው? ለምን? ማን ይጠየቅ?» ብሎ የተነሳ ነበር ወይ? ልማድ የሚጠብቀው ቅጥሩን ነው። እንቅስቃሴ የሚባለው የሚጀምረው ሰው ከቅጥሩ ወጥቶ፣ ከማያውቀው ሰው ጋር አብሮ፣ አቅም ያለውን አካል መጠየቅ ሲጀምር ነው። ጽሑፎችሽ የሚያወሩት ስለዚህኛው ነው።

ይህኛው የተወለደው በፋብሪካ ጭስ መሐል ነው። በታኅሣሥ 1952 ለንደን ላይ የሆነውን ተመልከቺ። ብርድ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱን በድንጋይ ከሰል ያሞቃል። የኃይል ማመንጫውም የሚሠራው በዚያው ነው። ነፋሱ ጠፋ። ከላይ ሞቅ ያለ አየር እንደ አክንባሎ ተደፍቶ ጭሱን ከተማው ላይ አፈነው። አምስት ቀን ሙሉ ሰው የገዛ እግሩን ማየት አቃተው። ለኤግዚቢሽን የመጡ ሰንጋዎች ሳይቀሩ ታፍነው ሞቱ። መጀመሪያ የሞተው ሰው 4,000 ነው ተባለ። ከብዙ ጊዜ በኋላ የተሠራ ጥናት እስከ 12,000 አደረሰው። መንግሥት መጀመሪያ ላይ ነገሩን በጉንፋን ለማሳበብ ሞክሮ ነበር። ሰው አልተቀበለም። በ1956 የንጹሕ አየር ሕግ ወጣ። ጭሱን የፈጠረው እግዜር አይደለም፣ ሰው ነው፤ ሰው ያመጣውን ደግሞ ሕግ ሊያቆመው ይችላል የሚለው ሐሳብ ያን ጊዜ ሥር ያዘ።

ከዚያ በ1962 ያቺ ሴት መጣች። ሬቸል ካርሰን ትባላለች። የባሕር ሕይወት ተመራማሪ ናት፤ በአሜሪካ መንግሥት የዓሣና የዱር እንስሳት መሥሪያ ቤት ብዙ ዓመት ሠርታለች። መጽሐፏ «ዝምተኛው ጸደይ» ይባላል። ወፍ የማይሰማበት ጸደይ ማለቷ ነው። የጻፈችው በየእርሻውና በየደኑ በአውሮፕላን ስለሚርከፈከፈው ዲዲቲ ስለሚባል የነፍሳት መርዝና ስለ መሰሎቹ ነው።

እዚህ ላይ ረጋ እንበል። የዚህ ታሪክ ግማሹ ያለው አሜሪካ አይደለም፤ ደምቢያ ነው።

ዲዲቲ ወደ እኛ ሰፈር መርዝ ሆኖ አልመጣም። መድኃኒት ሆኖ ነው የመጣው። በ1953 ደምቢያ ሜዳ ላይ የወባ ወረርሽኝ ገብቶ ሺዎችን ፈጀ። በዓመቱ፣ በ1954፣ ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፈተ። ዛሬ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የምትዪው ከዚያ የበቀለ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒቴሪያን የሚባል የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያ ያሠለጥን ነበር። ተማሪዎቹ ቆላድባ ወርደው በተግባር ይማሩ ነበር። የእኔም ሙያ፣ የአካባቢ ጤና፣ አገራችን ውስጥ ሥሩ ያለው እዚያ ነው። በ1958 ደግሞ ወባ ወደ ደጋው ወጥቶ አገሩን መታው። 150,000 ያህል ሰው እንደሞተ ይገመታል። በቀጣዩ ዓመት የወባ ማጥፊያ መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። መርጫውን በጀርባው ያዘለ ሰው በየቤቱ እየገባ ግድግዳ መርጨት ጀመረ።

እናቴ ያደገችው ከቆላድባ ብዙም ሳይርቅ ነው። ረጪዎቹ ሲመጡ ሰው ቁና ሌማቱን ሁሉ ወደ ደጅ እያወጣ ደስ ብሎት ይቀበላቸው ነበር ትላለች። ወባው ብቻ አይደለም፣ ትኋኑም አብሮ አለቀ። «ያን ዓመት እንቅልፍ ተኛን» ትል ነበር። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ግን ትኋኑ ተመለሰ። ሲረጩትም አልሞት አለ። ያኔ መንደሩ «መድኃኒቱን ውሃ እየቀላቀሉ ነው» ብሎ ረጪዎቹን ያማ ጀመር።

ውሃ የቀላቀለ የለም። ትኋኑ ነው የለመደው። ከብዙው መሐል መርዙ ያልገደላቸው ጥቂቶች ተረፉ። እነሱ ተዋለዱ። ልጆቻቸውም እንደ እነሱ መርዝ የማይደፍራቸው ሆኑ። የወባ ትንኝም እንዲሁ ነው የምታደርገው። ካርሰን በመጽሐፏ ካስጠነቀቀቻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር፤ ዛሬ ያለ ልክ ከረጫችሁት ነገ ስትፈልጉት አይሠራላችሁም።

ሌላው ነገር ዲዲቲ ቶሎ አይበሰብስም፤ ስብ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። ነፍሳቱን ትንሹ ዓሣ ይበላል፣ ትንሹን ትልቁ፣ ትልቁን ንስር። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር መርዙ እየጠነነ ይሄዳል። አረቄ ሲወጣ አይተሽ ታውቂ ይሆናል። ከያ ሁሉ ድፍድፍ ጠብ ጠብ የምትለው ትንሽ ናት፤ ያቺ ትንሿ ግን ታቃጥላለች። (ቅመሺ አላልኩም።) ንስሯም ላይ የደረሰው እንዲህ ነው። የምትጥለው እንቁላል ቅርፊቱ ሳሳ፤ ስትታቀፈው ይሰበርባት ጀመር።

ኬሚካል አምራቾቹ ካርሰን ላይ ዘመቱ። ስሜታዊ ሴት ናት አሏት። ኮሚኒስት ናት ያላትም ነበር። እሷ በዚያ ሰዓት ካንሰር ታማ ነበር፤ ሕመሟን ደብቃ ነው የተከራከረችው። በ1963 የፕሬዚዳንት ኬኔዲ የሳይንስ አማካሪዎች ጉዳዩን መርምረው ሥጋቷ ልክ ነው አሉ። በ1964 በ56 ዓመቷ አረፈች። አሜሪካ ዲዲቲን በእርሻ ላይ እንዳይረጭ የከለከለችው በ1972 ነው። አላየችውም።

አንዳንድ ቦታ «ካርሰን አፍሪካን በወባ አስፈጀች» የሚል ታነቢያለሽ። አትቀበዪው። እሷ በሽታ ለመከላከል አትርጩ አላለችም፤ ሳታስቡ በየሜዳው አታርከፍክፉ ነው ያለችው። በ2001 የተፈረመው የስቶክሆልም ስምምነትም ዲዲቲን ለወባ መከላከያ እንዲውል ፈቅዷል። እኛም አገር እሷ ከሞተች ከ40 ዓመት በኋላ ግድግዳ ላይ ይረጭ ነበር። የቤት ግድግዳ መርጨትና አገር ምድሩን በአውሮፕላን ማልበስ አንድ አይደለም። በእርግጥ እኛም ንጹሕ አይደለንም። ከረጪዎች የተረፈውን ለምኖ ጎተራው ውስጥ የነሰነሰ ሰው አውቃለሁ። ነቀዝ ሞተለት። እህሉንም ከነልጆቹ በላው።

የምድር ቀንን ባጭሩ ልለፈው። በ1968 መጨረሻ ከአፖሎ 8 ምድር ከጨረቃ ጀርባ ብቅ ስትል የሚያሳይ ፎቶ ተነሳ። በ1969 ካሊፎርኒያ ባሕር ዳርቻ ላይ ነዳጅ ፈሰሰ፤ በዚያው ዓመት ኦሃዮ ውስጥ ካያሆጋ የሚባል ወንዝ በላዩ የተንሳፈፈው ዘይት እሳት ይዞት ተቃጠለ። ወንዝ ሲቃጠል አስቢው። ጌይሎርድ ኔልሰን የሚባል ሴናተር የቬትናምን ጦርነት የሚቃወሙትን ተማሪዎች አይቶ ይህን ጉልበት ለአየርና ለውሃ ብናውለውስ አለ። ሚያዝያ 22 ቀን 1970 ወደ 20 ሚሊዮን ሰው ወጣ። በዓመቱ መጨረሻ የአሜሪካ መንግሥት ለዚሁ የሚሆን መሥሪያ ቤት አቋቋመ።

በዚያው ዘመን የእኛም ተማሪዎች ጎዳና ላይ ነበሩ። በ1965 አዲስ አበባ ላይ «መሬት ላራሹ» ብለው ሰልፍ ወጥተዋል። ይህን በአካባቢ ጥበቃ ታሪክ ውስጥ የሚያስገባ ሰው አላየሁም። እኔ ብሆን አስገባዋለሁ። የሚያርሰው መሬት ለከርሞ የእሱ ይሁን የሌላ የማያውቅ ጢሰኛ እርከን ይሠራል? ዛፍ ይተክላል? አፈር የሚጠብቀው ነገ አለኝ ብሎ የሚያስብ ሰው ነው። አስተማሪሽ በዚህ ከተከራከረሽ ተከራከሪው፤ ክርክሩ ራሱ ጥሩ ነው።

አሁን ከአሜሪካ እንውጣ። ሕንድ፣ ሂማላያ ተራራ ሥር፣ ሬኒ የምትባል መንደር አለች። በ1970 እዚያ አካባቢ አላክናንዳ የሚባለው ወንዝ ሞልቶ ብዙ ጥፋት አድርሷል። የመንደሩ ሰው ምክንያቱን ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ አወቀው፤ ዳገቱን የያዘው ደን እየተቆረጠ ነበር። በመጋቢት 1974 ወንዶቹን የመሬት ካሳ ትቀበላላችሁ ብለው ወደ ከተማ ጠሯቸው። በዚያው ቀን ቆራጮቹ መጡ። አንዲት ልጅ አየቻቸውና ሮጣ ጋውራ ዴቪ ለምትባል ሴት ነገረች። ጋውራ ዴቪ 27 ያህል ሴቶችና ልጆች አስከትላ ጫካ ገባች። ዛፉን ከመቁረጣችሁ በፊት እኛን ቁረጡ ብለው አቀፉት። ሌሊቱን እዚያው አደሩ። ቆራጮቹ ተመለሱ። እንቅስቃሴው ቺፕኮ ይባላል፤ ማቀፍ፣ መለጠፍ ማለት ነው። በኋላ መንግሥት ኮሚቴ አቋቁሞ በዚያ አካባቢ ለአሥር ዓመት መቁረጥን ከለከለ።

እነሱም ከባዶ አልተነሱም። በዚያው አገር፣ ራጃስታን ውስጥ፣ በ1730 ቢሽኖይ የሚባሉ የሃይማኖት ሰዎች የንጉሥ ሠራዊት ዛፋቸውን ሊቆርጥ ሲመጣ ዛፉን አቅፈው 363 ሆነው ተገድለዋል። ታሪኩ እየተነገረ ትውልድ ተሻግሯል። እንግዲህ ልማድና እንቅስቃሴ እንዲህ ይገናኛሉ። የአያትሽ ነገር እዚህ ላይ ነው የሚጠቅምሽ።

ጎረቤታችን ኬንያ ደግሞ ዋንጋሪ ማታይ ነበረች። በ1971 ዶክትሬቷን ስትይዝ በምሥራቅና በመካከለኛው አፍሪካ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። የገጠር ሴቶችን ችግራችሁ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች። ማገዶ ራቀን፣ ምንጩ ደረቀ፣ ልጆቻችን የሚበሉት አነሰ አሏት። እሷም እነዚህ ሁሉ አንድ ችግር ናቸው አለች። በ1977 ናይሮቢ ላይ ሰባት ችግኝ ተከለች። ከዚያ ሴቶቹ ራሳቸው ችግኝ እያፈሉ፣ ለጸደቀው ችግኝ ትንሽ ገንዘብ እየተከፈላቸው፣ በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ዛፍ ተተከለ። ልብ በይ፤ ክፍያው ለጸደቀው እንጂ ለተተከለው አይደለም።

በ1989 መንግሥት በናይሮቢ ኡሁሩ ፓርክ ላይ 60 ፎቅ ሕንጻ ሊሠራ ተነሳ። ደብዳቤ ጽፋ፣ ጮኻ፣ ተሰድባ፣ አስቆመችው። በኋላም ተደብድባለች፣ ታስራለች። በ2004 የኖቤል የሰላም ሽልማት ሲሰጣት የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሁሉም እንደ እሷ አልተረፈም። ብራዚል ውስጥ ለደኑ የተከራከረው ቺኮ ሜንዴስ በ1988 በጥይት ተገደለ። ናይጄሪያ ውስጥ በነዳጅ ለተበከለው ለኦጎኒ ምድር የጮኸው ደራሲ ኬን ሳሮ ዊዋ በ1995 ከስምንት ጓደኞቹ ጋር ተሰቀለ።

አሁን ደግሞ ደስ የማይለኝን ክፍል ልንገርሽ። ጽሑፎችሽ አሜሪካ ያለውን የሎውስቶንን ሳያወድሱ አይቀሩም። በ1872 የተከለለ የመጀመሪያው ብሔራዊ ፓርክ ነው። እዚያ ይኖሩና ያድኑ የነበሩት ነባር ሕዝቦች ግን ተገፍተው ወጥተዋል። ተፈጥሮ ማለት ሰው የሌለበት ቦታ ነው የሚል ሐሳብ ነበር ከጀርባው። ያ ሐሳብ ጓዙን ጠቅልሎ እኛ ደጅ መጣ።

የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1966 ተቋቋመ፤ በ1969 በነጋሪት ጋዜጣ ታወጀ። ዩኔስኮ በ1978 የዓለም ቅርስ ብሎ የመጀመሪያዎቹን 12 ቦታዎች ሲመዘግብ ላሊበላና ሰሜን ተራሮች እዚያ ውስጥ ነበሩ። የሎውስቶንም እዚያው ዝርዝር ላይ አለ። ዋልያ በዱር የሚገኘው በዓለም ላይ እዚያ ብቻ ነው። የእግር ኳስ ቡድናችንን በስሙ የጠራነው ያለ ነገር አይደለም። ግን ተራራው ባዶ አልነበረም። ሰው ገብስ ያርስበት፣ ከብት ያሰማራበት ነበር። በደርግ ጊዜ መንደሮች ከቦታቸው እንዲነሱ ተደረገ። በ1996 ፓርኩ አደጋ ላይ ናቸው ከተባሉት ቅርሶች ዝርዝር ገባ። በ2016 ግጭ መንደር ይኖሩ የነበሩ ከ400 በላይ አባወራዎች ወደ ደባርቅ ተዛወሩ። በቀጣዩ ዓመት ፓርኩ ከአደጋው ዝርዝር ወጣ።

ዋልያው በመትረፉ ደስ ይለኛል። ሲያርስ የኖረ ሰው ደባርቅ ገበያ ላይ ገብስ በቁና ሲገዛ ሳይ ግን ደስታዬ ይቀዘቅዛል። ሁለቱም ስሜት እውነት ነው፤ አንዱን መርጬ ሌላውን ልጣል አልልም። በ2019 ተራራው ሲነድ መጀመሪያ የደረሰው ሄሊኮፕተር አልነበረም። የአካባቢው ሰው ነው፣ በእግሩ፣ ቅጠልና አፈር ይዞ።

አገራችን ላይ ከልማድና ከእንቅስቃሴ ሌላ ሦስተኛ ነገር አለ። ዘመቻ ይባላል። ከ1973ቱ የወሎ ረሃብና ከ1984ቱ በኋላ የአፈር መሸርሸር የሞት ጉዳይ መሆኑ ለሁሉም ገባው። ደርግ በምግብ ለሥራ ገበሬውን አሰልፎ እጅግ ብዙ እርከን አሠራ፣ ዛፍም አስተከለ። ሥራው ቀላል አልነበረም። በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ግን በየቦታው ያ ደን በመጥረቢያ ወደቀ። ገበሬው ደን ጠልቶ አይደለም። ትከል ተብሎ ተከለ እንጂ ማንም አልጠየቀውም፤ ዛፉ የእሱ ሳይሆን የመንግሥት ነበር። ከ2019 ወዲህ አረንጓዴ አሻራ ሲባል አንቺም ከክበብሽ ጋር ወጥተሽ ሳትተክዪ አትቀሪም። ጎሽ። እኔ ሁሌም የምጠይቀው በሁለተኛው ዓመት ማን ያየዋል የሚለውን ነው።

ከእኛም የጠየቁ አሉ። ዶክተር መላኩ ወረደ የገበሬው ነባር ዘር በምርጥ ዘር ተተክቶ እንዳይጠፋ ተከራክረው የዘር ባንኩን ከገበሬው ማሳ ጋር አገናኙ። በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ሽልማት አገኙ። ዶክተር ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር ደግሞ ዘረመላቸው በተለወጡ ሕያዋን ጉዳይ የአፍሪካን ተደራዳሪዎች መርተው በ2000 የካርታኼና ፕሮቶኮል የተባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት እንዲጸድቅ ትልቅ ድርሻ ነበራቸው። እሳቸውም በዚያው ዓመት ያንኑ ሽልማት ተሸለሙ። በ1995 ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 44 ማንኛውም ሰው ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት አለው ይላል። ይህን አንቀጽ ጽሑፍሽ ላይ ጥቀሺው። የሚያውቀው ሰው ጥቂት ነው።

የስብሰባዎቹን ታሪክ አላበዛብሽም። በ1972 ስቶክሆልም ላይ የመጀመሪያው ትልቅ የተባበሩት መንግሥታት ጉባኤ ተደረገ። ሰኔ 5 የአካባቢ ቀን የሆነው ከዚያ ነው፤ የአካባቢ ፕሮግራሙም መቀመጫ ናይሮቢ ሆነ። በ1992 ሪዮ፣ በ1997 ኪዮቶ፣ በ2015 ፓሪስ። ከሁሉም ደስ የሚለኝ የ1987ቱ የሞንትሪያል ስምምነት ነው። በማቀዝቀዣና በሽቶ ቆርቆሮ ውስጥ የነበረው ጋዝ ከፀሐይ ጨረር የሚጠብቀንን የኦዞን ሽፋን እየበላው መሆኑን ሳይንቲስቶች በ1974 አስጠነቀቁ፤ በ1985 አንታርክቲካ ላይ መሳሳቱ ታየ፤ በሁለት ዓመት ውስጥ አገሮች ተስማሙ። በኋላም ሁሉም አገር ፈረመ። ሽፋኑ አሁን እያገገመ ነው። ሲፈለግ ይቻላል ማለት ነው። በ2018 ግሬታ ተንበርግ ስለ አየር ንብረት ለውጥ ስቶክሆልም ፓርላማ ፊት ስትቀመጥ የ15 ዓመት ልጅ፣ ከአንቺ ብዙም የማትበልጥ ነበረች፤ ከዚያ ኡጋንዳ ላይ ወጣቷ ቫኔሳ ናካቴ ተነሳች።

አሁን ወደ ሰፈርሽ ልመልስሽ። «ለእኛ ምናችን ነው» ብለሻልና።

ጎንደር በሁለት ወንዝ መሐል ያለች ከተማ ናት፤ በአንገረብና በቀሃ። የጥምቀቱ የፋሲል መዋኛ ውሃ የሚመጣው ከቀሃ ነው። አንገረብ ላይ ደግሞ የምንጠጣው ውሃ ግድብ አለ። በክረምት ከላይ ከታረሰው ዳገት አፈሩ ታጥቦ ይወርድና ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ግድቡ ውሃ ሳይሆን ደለል ይይዛል። እናትሽ ጀሪካን ደርድረው ፈረቃ ሲጠብቁ የዚያን ዳገት ዋጋ እየከፈሉ ነው። የጎንደር ውሃ ደግሞ በመገጭ በኩል ጣና ይገባል። የቤታችን አጠባ፣ የየሠፈሩ ቆሻሻ፣ የማሳው ማዳበሪያ፣ ሁሉም።

ጣና ላይ ምን አለ? እምቦጭ። ከደቡብ አሜሪካ የመጣ አረም ነው። ሐይቁ ላይ በይፋ የታወቀው በ2011 ሲሆን የደምቢያን ዳርቻ ክፉኛ ይዞታል። ብዙ ወጣት ከጎንደርም ከባሕር ዳርም ወርዶ እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ቆሞ በእጁ ነቅሎታል። እኔም ነቅያለሁ፤ ወገቤ ለሳምንት አልታዘዘኝም። በወሩ ስንመለስ የነቀልንበት ቦታ ተመልሶ አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። አንድ ዓሣ አስጋሪ ሽማግሌ አይተውን ሳቁ። «ልጆቼ፣ እናንተ ትነቅላላችሁ፤ ከላይ ደግሞ ትቀልቡታላችሁ» አሉ። እምቦጭ የሚወፍረው በናይትሮጅንና በፎስፎረስ ነው። ቀለቡ የሚወርደው ከእኛ ዘንድ ነው።

ስለዚህ አምስት ገጽሽን ከ1962 አትጀምሪው። ከአያትሽ ጀምሪ። ደብሩን ማን ይጠብቀው ነበር፣ ቅጠል የቆረጠ ምን ይደረግ ነበር ብለሽ ጻፊ። ቀጥለሽ ወባ ማጥፊያ ቤታቸውን ሲረጭ የሚያስታውስ ሽማግሌ ፈልጊ፤ ደምቢያ መስመር አታጪም። ካርሰንን እዚያ ላይ አስገቢያት፤ ያኔ እንግዳ አትሆንም። ለመጨረሻው ገጽ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት ከክበብሽ ልጆች ጋር ቀሃን ተከትላችሁ ከድልድዩ ወደ ታች ውረዱ። ወደ ወንዙ የሚገባውን እያንዳንዱን ቱቦ ቁጠሩ፤ ምን እንደሚፈስስበትና ከየትኛው ግቢ እንደሚመጣ ጻፉ። አንዳንዱ ግቢ በር ላይ ማነው የላካችሁ ይሏችኋል። አስተማሪያችን ነው በሉ። ቦት ጫማ አትርሱ፤ እኔ ረስቼ አውቀዋለሁ።